ያውቁ ኖሯል? ከብቱ ከሰው የሚበዛባት ሎዜር

ፈረንሳይ ሲባል የኤፍል ማማ ብቻ ትዝ የሚልዎት ከሆነ የዛሬው ዓምድ ወደ ሌላ በኩል ይወስድዎታል። ከሞንፔልዬ በስተ ሰሜን፣ ተራራና ገደል ወደሚበዛባት ወደ ሎዜር። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሎዜር ከባሕር ማዶ ግዛቶች በስተቀር በፈረንሳይ ካሉት አውራጃዎች ሁሉ በሕዝብ ብዛት የመጨረሻዋ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? በ5,167 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው ሰው 76,000 ቢሆን ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል 15 ሰው ገደማ ይደርሳል። ከብቱና በጉ ሲደመር ግን ሰውን ጥሎ ይሄዳል። ዋና ከተማዋ ማንድ 12,000 ያህል ነዋሪ አላት። በማዕረግ የምትከተላት ፍሎራክ ደግሞ 2,000 ገደማ ብቻ። በአገራችን እንዲህ ያለችውን የገበያ መንደር እንላት ነበር፤ እዚያ ግን የመንግሥት ሹም የሚቀመጥባት ከተማ ናት።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። በ1851 ሕዝቧ ከ144,000 በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ወደ አሌስ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ወደ ቆላው የወይን እርሻ፣ ወደ ፓሪስ እየወረደ ቀረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የተረፈውን ጎረምሳ ጠረገው። መንደሮቹን የሚጎበኝ ሰው የሟቾቹን ስም ዝርዝር በድንጋይ ላይ ሲያነብ፣ ዛሬ በመንደሩ ካሉት ነዋሪዎች የማይተናነስ ሆኖ የሚያገኝበት ቦታ አለ።

577 መቀመጫ ባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ሎዜርን የሚወክለው አንድ እንደራሴ ብቻ እንደሆነስ? ቀድሞ የትኛውም አውራጃ ከሁለት እንደራሴ እንዳያንስ የሚል ደንብ ነበር። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በ2009 ደንቡን ሻረው፤ ከ2012 ምርጫ ጀምሮ ሎዜርና ክሮዝ የተባለችው አውራጃ በአንድ አንድ ሰው ቀሩ።

አውራጃዋ የተፈጠረችው በአብዮቱ ማግስት፣ በ1790 ነው። አብዮተኞቹ ሰው ለአሮጌው ግዛቱ ያለውን ፍቅር ለማላላት ሲሉ የጥንቱን የግዛት ስም ሁሉ ጥለው በወንዝና በተራራ ስም ሰየሙ። ሎዜርም የተራራ ስም ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ 1,699 ሜትር ይደርሳል። ለደገኛ አንባቢ ይህ ከፍታ ከቁም ነገር እንደማይገባ አውቃለሁ። ክረምቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። የተተወው የጥንት ስም ዤቮዳን ነበር። ይህን ስም አብዮቱም ሊያስረሳው አልቻለም፤ ምክንያቱ አንድ አውሬ ነው።

በጋ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 1764። ዣን ቡሌ የምትባል የ14 ዓመት እረኛ ከብት እየጠበቀች ሳለ በአውሬ ተበላች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው በዚሁ መንገድ አለቀ፤ አብዛኞቹ ሕፃናትና ሴቶች ነበሩ። ለምን እነሱ? በዚያ አገር ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ጠመንጃ እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር። እረኞቹ የያዙት ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ቢላዋ ነው። የማንድ ጳጳስ በ1764 መጨረሻ ባወጡት መልእክት መዓቱ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ንስሐ ግቡ አሉ። የአቪኞን ጋዜጣ ወሬውን በየሳምንቱ አሟሟቀው። የሰባቱ ዓመት ጦርነት ገና ማብቃቱ ስለነበር ጋዜጠኛው ሌላ ትኩስ ወሬ አልነበረውም። ተኩላ ነው ያለ አለ፣ ጠንቋይ ነው ያለ አለ፣ ጅብ ነው ብሎ ሥዕሉን ያተመም አለ። ጅብ ያላየ አገር ስለ ጅብ ብዙ ያወራል።

በጥር 1765 ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሰባት ልጆች፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከብት ሲጠብቁ አውሬው መጣባቸው። ከትንንሾቹ አንዱን በክንዱ ነክሶ ወደ ረግረጉ ጎተተው። ሌሎቹ ሲርበተበቱ ዣክ ፖርትፌ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ ጓደኛችንን ትተን አንሄድም ብሎ አደፋፈራቸው። አውሬው ጭቃ ውስጥ ሲቸገር ጠብቀው ቢላዋ በታሰረበት እንጨታቸው ፊት ፊቱን ወጉት፤ ልጁንም አስጣሉ። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወሬው ሲደርሳቸው ለፖርትፌ 300 ሊቭር ሸለሙት፤ በመንግሥት ወጪም ተምሮ የመድፈኛ መኮንን ሆነ። የንጉሡ ጠመንጃ ያዥ አንቷን በመስከረም 1765 አንድ ትልቅ ተኩላ ገድሎ ቆዳውን አስሞልቶ ቬርሳይ ድረስ ላከ፤ ቤተ መንግሥቱም ነገሩ አለቀ አለ። አላለቀም። በታኅሣሥ ግድያው እንደገና ጀመረ፤ ቤተ መንግሥት ግን አለቀ ያለውን ነገር ተመልሶ አላለቀም አይልም። በመጨረሻ በሰኔ 1767 ዣን ሻስቴል የተባለ የአካባቢው ሰው ሌላ አውሬ ተኩሶ ገደለ፤ ግድያውም ቆመ። የሻስቴል ግዳይ በሙቀቱ ሸትቶ ስለነበር ለንጉሡ ሳይታይ ተቀበረ። ዛሬ በዚያው አገር፣ ማርቭዦል ከተማ አጠገብ፣ በ1985 የተከፈተ የተኩላ ፓርክ አለ። ቱሪስቱ ከፍሎ ይገባል።

ታርን፣ ሎትና አሊዬ የተባሉት ሦስት ስመ ጥር ወንዞች ሦስቱም ከዚህች ትንሽ አውራጃ እንደሚፈልቁ ያውቁ ኖሯል? በደጋው ላይ ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው ወደ ሜዲትራኒያን ሊሄድ ይችላል።

ሎዜርን መንገደኛ የሚያውቃት በቤቶቿ ግድግዳ ነው። በሰሜን፣ በማርዠሪድ፣ ቤቱ ግራናይት ነው። በምዕራብ፣ በኦብራክ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በደቡብ ምዕራብ ነጭ የኖራ ድንጋይ። በደቡብ ምሥራቅ፣ በሴቬን ተራሮች፣ እንደ ጣውላ እየተፈለጠ የሚወጣ ስስ ድንጋይ ሲሆን ጣሪያውም ከዚያው ነው። ሰው የቆመበትን መሬት እየፈለጠ ነው የገነባው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገርመው የኖራ ድንጋዩ አገር ነው። ኮስ ሜዣን ይባላል። ዙሪያውን በታርንና በዦንት ገደሎች የተቆረጠ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አምባ ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው አይሞላም። ዛፍ ብርቅ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ ቀርቶ ሳይሆን፣ የዘነበው ሁሉ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ስለሚጠፋ አንድም ወንዝ የለም። እረኞቹ ታዲያ ጎድጓዳ ቦታ ፈልገው መሬቱን በሸክላ አፈር ይጠቀጥቁና ድንጋይ ያነጥፉበታል፤ በጎቹ የሚጠጡት እዚያ የሚጠራቀመውን ነው። ከነዚህ በጎች የሚታለበው ወተት ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ በጎረቤት አውራጃ ያለው ሮክፎር ነው፤ በዋሻ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ የሚያበቅለው ስመ ጥሩ አይብ የሚሠራበት።

የጠፋው ውኃ የት ገባ? በ1897 ሉዊ አርማን የተባለ የመንደር ብረት ቀጥቃጭ የዋሻ አጥኚው ኤድዋር አልፍሬድ ማርቴል ባልደረባ ነበር። አምባው ላይ አንድ የሚያስፈራ ጉድጓድ ያውቅ ነበርና በገመድና በገመድ መሰላል ወረደበት። ከታች አንድ ሙሉ ካቴድራል የሚያስገባ አዳራሽ አገኘ፤ ከወለሉ ወደ ላይ የበቀሉ 400 ያህል የድንጋይ ዓምዶች ያሉበት፣ ረጅሙ 30 ሜትር። ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ኖራውን እያስቀመጠ በብዙ ሺህ ዓመት የሠራው ነው። ዋሻው ከ1927 ጀምሮ ለጎብኚ ተከፍቷል፤ ስሙም የብረት ቀጥቃጩ ስም ነው። ምሁሩ ማርቴል ስሙን ለራሱ አለማድረጉን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ክረምቱ። በሎዜር ተራራ ላይ ካሉ ትንንሽ መንደሮች አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው የደወል ማማ ብቻ እንዳላቸው ያውቁ ኖሯል? ደወሉ ለቅዳሴ አይደለም። በረዶው ከነፋሱ ጋር ሲነሣ ሰው በእጁ ርቀት ያለውን አያይም፤ ስለዚህ መንደርተኛው ተራ እየገባ ሌሊቱን ሙሉ ይደውል ነበር፤ የጠፋው መንገደኛ ድምፁን ተከትሎ ይመጣ ነበር። በመንገዱ ዳርም ከበረዶው በላይ ብቅ የሚሉ ረጃጅም የግራናይት ምልክቶች ተተክለዋል። በተራራው ላይ ካሉት የወሰን ድንጋዮች አንዳንዶቹ የማልታ መስቀል ተቀርጾባቸዋል፤ ግጦሹ በመካከለኛው ዘመን የቅዱስ ዮሐንስ ባላባት መነኮሳት ርስት ስለነበር ነው።

ድንጋይ ካልን፣ ቦንዶን በተባለው ሜዳ ላይ የቅድመ ታሪክ ሰዎች ያቆሟቸው ከ150 በላይ ሐውልቶች አሉ። በፈረንሳይ በብዛት የሚበልጠው የካርናክ ብቻ ነው። ቱሪስቱ ወደ ካርናክ ይጎርፋል፤ ቦንዶን ላይ በግ ይግጣል።

አንድ የሎዜር ልጅ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንደነበረስ ሰምተዋል? ጊዮም ግሪሞዋር በ1310 ገደማ ግሪዛክ በተባለ የተራራ መንደር ተወለደ፤ ከ1362 እስከ 1370 ኡርባኖስ 5ኛ ተብሎ በአብዛኛው አቪኞን ላይ ሆኖ ነገሠ። የማንድ ካቴድራል እንዲሠራ ያዘዘው እሱ ነው። ለሐኪሙም ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ጊ ደ ሾልያክ የተባለው የዘመኑ ታላቅ ቀዶ ጠጋኝም የዚያው የማርዠሪድ ሰው ነበር። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ በ1348 አቪኞን ሲገባ ሐኪሞች ነፍሴ አውጪኝ ብለው ሲሸሹ ሾልያክ ቀረ። የቀረውም ስሜ ይጠፋል ብሎ ፈርቶ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ጀግና ነበርኩ ከሚል ሐኪም ይልቅ እንዲህ የሚለውን አምናለሁ። በሽታው ይዞት ስድስት ሳምንት ከተኛ በኋላ ዳነ። በ1363 የጨረሰው የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ 300 ዓመት ገደማ አውሮፓ ውስጥ ተማሪ ሲማርበት ኖረ።

የማንድ ካቴድራል በዓለመ ክርስትና አቻ የለውም የተባለለት 20 ቶን የሚመዝን ደወል ነበረው። በ1579 የገና ሌሊት፣ ካቶሊኩ ሁሉ ቅዳሴ ላይ እያለ፣ ማቲዩ መርል የተባለ የፕሮቴስታንት ሻምበል ከተማዋን ሰብሮ ገባ። ደወሉን አስወርዶ፣ ሰባብሮ፣ አቅልጦ መድፍ አደረገው። የቀረው መምቻው ብቻ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ያለው ብረት ሲሆን ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሟል።

ፈጠን እንበል። በመቶው ዓመት ጦርነት ለፈረንሳይ የተዋጋው የጦር አለቃ በርትራን ዱ ጌክላን በሐምሌ 1380 ሻቶኔፍ ደ ራንዶንን ከብቦ ሳለ ታሞ ሞተ፤ የተከበበው አዛዥም የምሽጉን ቁልፍ አምጥቶ ሬሳው ላይ አኖረ ይባላል። አስከሬኑ ግን አራት ቦታ ነው የተቀበረው፤ አንጀቱ ለፑዊ፣ ሥጋው ክሌርሞን፣ ልቡ ዲናን፣ አጥንቱ ከነገሥታቱ ጋር ሳን ደኒ። በበጋ ሙቀት ሬሳ ረጅም መንገድ ለማጓጓዝ ሲታገሉ የመጣ ነገር ነው።

ወይን ጠጅ ሲጠመቅ ስኳር ጨምሮ አልኮሉን የማጠንከርን ዘዴ ያስፋፋው ኬሚስት፣ የናፖሊዮን የአገር ግዛት ሚኒስትር ዣን አንቷን ሻፕታል በ1756 የተወለደው በሎዜር ነው። በደጋው ላይ ወይን አይበቅልም።

በማደጎ ሞግዚት የሚያድጉ ሕፃናትን ሐኪም እየዞረ እንዲያያቸው የሚያዘው የ1874ቱ የፈረንሳይ ሕግም የአንድ የሎዜር ሐኪም ሥራ ነው፤ የቴዎፊል ሩሴል።

ስለ ሴቬን ግን ፈጠን ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሉዊ 14ኛ በ1685 የፕሮቴስታንትን እምነት በአዋጅ ከለከሉ። ቤተ ጸሎቱ ፈረሰ፣ ሰባኪው ተሰደደ፣ የቀረውም በግድ ካቶሊክ ተባለ። የሴቬን ገበሬ ቀን ቀን ካቶሊክ፣ ሌሊት ሌሊት በየዋሻውና በየጫካው ተሰብስቦ መዝሙረ ዳዊት የሚዘምር ሆነ። አባ ዱ ሻይላ የተባሉ ካህን የሚያስሯቸውን ሰዎች የሚያቆዩት ለ ፖን ደ ሞንቬር በተባለች መንደር በድልድዩ አጠገብ ባለው ቤታቸው ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 1702 ማታ ሃምሳ ያህል ሰዎች መዝሙር እየዘመሩ መጡ፤ እስረኞቹን አስፈቱ፣ ቤቱን አቃጠሉ፣ ካህኑን ገደሉ። መሪያቸው ሴግዬ ወዲያው ተይዞ እዚያችው መንደር በእሳት ተቃጠለ፤ ነገሩ ግን ጦርነት ሆኖ ቀጠለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥቂት ሺህ የማይበልጡ እረኞች፣ ሱፍ ፈታዮችና ጋጋሪዎች የአውሮፓን ትልቁን ጦር መከቱ። ጦሩ ቢቸግረው በ1703 መገባደጃ 466 መንደሮችን እያፈረሰና እያቃጠለ ሄደ፤ ሽምቅ ተዋጊው የሚበላው እንዳያገኝ ማለት ነው። ከአዛዦቹ አንዱ ዣን ካቫልዬ የዳቦ ጋጋሪ ረዳት ነበር። በ1704 ከማርሻል ቪላር ጋር ተደራደረ፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጥቶ በእንግሊዝ ጦር ጄኔራል እስከ መሆን ደረሰ። ያኔ መድፍ ለማጓጓዝ የተጠረገው የተራራ ጫፍ መንገድ ዛሬ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ለመዝናናት ይከንፉበታል።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ነገር በዓይን ይታያል። ፕሮቴስታንት በካቶሊክ መካነ መቃብር እንዳይቀበር ስለተከለከለ ቤተሰቡ ሬሳውን በገዛ ማሳው ይቀብር ነበር። ዛሬም በሴቬን ከአትክልቱ ማዶ፣ ከእርከኑ ጥግ፣ ሁለት ሦስት የቤተሰብ መቃብር ያገኛሉ። እገዳው ከተነሣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ልማዱ አልቀረም፤ ፈቃድ እያወጡ አሁንም የሚቀብሩ አሉ። መሬቱን የሚገዛ እንግዳም ሙታኑን አብሮ ይረከባል።

እነዚህ ሰዎች ምን ይበሉ ነበር? እህል በገደል ላይ አይበቅልም። የሚበሉት ሻቴኝ የተባለውን፣ እሾሃም ቅርፊት ያለውን የዛፍ ፍሬ ነበር። በመከር ለቅመው ሁለት ደርብ ባላት ትንሽ የድንጋይ ጎጆ ያደርቁት ነበር። ምድር ቤት ነበልባል የሌለው እሳት ለሳምንታት ይጨሳል፤ ፍሬው ከላይ በርብራብ ላይ ተሰጥቶ ጭሱን ይጠጣል። ሲደርቅ ጆንያ ውስጥ አድርገው እንጨት ላይ ይደበድቡታል፤ ቅርፊቱ ይላቀቃል። ሾርባ ይሆናል፣ ይፈጫል፣ ትርፉ ለአሳማ ነው። ገንዘብ የሚያስገኘው ደግሞ የሐር ትል ነበር። ሴቶቹ የትሏን እንቁላል በትንሽ ከረጢት ደረታቸው ውስጥ ይዘው በገላቸው ሙቀት ያስፈለፍሉ ነበር። በ1850ዎቹ የትሉ በሽታ ገብቶ አገሩን አደኸየ፤ መድኃኒት እንዲፈልግ ወደ አሌስ የተላከውም ሉዊ ፓስተር ነው።

የውጭ ሰው ሎዜርን ያወቃት በአንዲት አህያ ምክንያት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በመስከረም 1878 ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን፣ ገና 27 ዓመቱ፣ ሞዴስቲን የተባለች አህያ በ65 ፍራንክና በአንድ ብርጭቆ ብራንዲ ገዝቶ ተራራውን አቋረጠ። የሚወዳት ሴት ወደ አሜሪካ ሄዳበት ነበርና ሐሳቡ እዚያ ነው። አህያ አነዳድ ፈጽሞ አያውቅም። ጭነቱ ይዘምማል፣ እሷ ትቆማለች፣ እሱ ይለማመጣል። አንድ ገበሬ አይቶ ከሳቀበት በኋላ ድምፅ አወጣጡን አሳየው፤ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደግሞ ጫፉ ላይ መርፌ የመሰለ ሹል ያለው መንጃ ሠራለት። አህያ ነድቶ የሚያውቅ የአገራችን ልጅ መጽሐፉን ቢያነብ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በ12 ቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ በ35 ፍራንክ ሸጣት፤ ከዚያ አለቀሰ። መጽሐፉ በ1879 ወጣ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄዱ እግረኞች ብዙ ናቸው፤ አህያ የሚያከራዩም አሉ።

ፈረንሳይ የማትፈልጋቸውን የውጭ ዜጎች ለማጎር የመጀመሪያውን ካምፕ የከፈተችው እዚሁ፣ በማንድ ዳርቻ፣ ሪዩክሮ ላይ ነው፤ በጥር 1939። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የሴቶች ካምፕ ሆነ። ከእስረኞቹ አንዷ ከልጇ ጋር የገባች ጀርመናዊት ስደተኛ ነበረች። ልጁ ከካምፑ በእግሩ እየተመላለሰ ማንድ ይማር ነበር። ያ ልጅ አሌክሳንደር ግሮተንዲክ ነው፤ በ1966 በሒሳብ ትልቁን ሽልማት፣ ፊልድስ ሜዳልያን ያገኘው።

ከአውራጃዋ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን የሳንታልባን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በ1940 ፍራንሷ ቶስኬል የተባለ ካታሎናዊ ሐኪም፣ ፍራንኮን ሸሽቶ ከስደተኞች ካምፕ ወጥቶ፣ እዚያ ሥራ ጀመረ። በናዚ ወረራ ዘመን በፈረንሳይ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ40,000 በላይ ሕሙማን በረሃብ አልቀዋል። መንግሥት የሚሰፍረው ራሽን አያኖርም ነበርና። ሳንታልባን ላይ ግን ቶስኬልና ባልደረቦቹ በሩን ከፈቱ። ሕሙማኑ ወጥተው ለአካባቢው ገበሬ ይሠራሉ፣ በድንችና በቅቤ ይከፈላቸዋል፣ እንጉዳይ ይለቅማሉ፣ የሠሩትን የእጅ ሥራ በምግብ ይለውጣሉ። ሕሙማን፣ ነርሶችና ሐኪሞች በአንድ ክበብ ተሰብስበው ስለ ቤቱ ጉዳይ ይወስኑ ነበር፤ ጋዜጣም ያትማሉ። የሚታደኑ አርበኞችና ባለቅኔው ፖል ኤሉዋር ከሕሙማኑ መካከል ተደበቁ። ኦጉስት ፎሬስትዬ የተባለ ታካሚ በእንጨት የሚቀርጻቸው መርከቦችና ክንፍ ያላቸው አውሬዎች ዛሬ በሙዚየም ተቀምጠዋል።

በ1952 ደግሞ ከማርቲኒክ የመጣ አንድ ወጣት ጥቁር ሐኪም ከቶስኬል ሥር ለመማር ሳንታልባን ገባ። ፍራንዝ ፋኖን ነው። ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉም መታከም አለበት የሚለውን ትምህርት ከዚህ ይዞ በ1953 ወደ አልጄሪያ ሄደ። ኋላም የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ በ1960 በየአፍሪካ ከተማው ለጉባኤ ሲዞር አዲስ አበባም ደርሷል። ከማርዠሪድ ጉም እስከ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ብቻ ነው።

ኖሳክ ከተባለው መንደር የተነሡ ሰዎች ወደ ቀድሞ ቤታቸው መሄድ ቢያምራቸው በጀልባ ብቻ እንደሆነስ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ግድብ ምክንያት መንደሩ ከነእርሻው ውኃ ውስጥ ገባ። ገበሬዎቹ ዓመታት ሙሉ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ግድቡ በበጋ የአሊዬና የሎዋር ወንዞች እንዳይጎድሉ ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቆላ ነው።

ሰው ሲለቅ አውሬ ይመለሳል፤ አንዳንዱም በእጅ ይመለሳል። ጥንብ አንሳ ከዦንት ገደል በ1940ዎቹ ጠፍቶ ነበር፤ እየተመረዘና እየተተኮሰበት። ከ1981 ጀምሮ እያራቡ ለቀቁት፤ ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ጥንዶች አሉ። በግ የሞተበት ገበሬ ሬሳውን የሚያነሣ መኪና በመጥራት ፈንታ በተፈቀደለት ቦታ ያኖረዋል፤ ወፎቹ በሰዓታት ውስጥ ያጸዱታል። ከ2012 ወዲህ አጥንት ከሰማይ ወደ አለት ጥሎ ሰብሮ የሚበላውን ባለ ጢም ጥንብ አንሳም መልቀቅ ጀምረዋል። ይህ ወፍ በሰሜን ተራሮቻችን ላይ የሚያንዣብበው ያው ዝርያ ነው። የመጨረሻው የዱር ፈረስ የሚባለውም በትውልድ አገሩ በሞንጎሊያ ከጠፋ በኋላ፣ ከየመካነ እንስሳቱ ተሰብስቦ በ1993 ኮስ ሜዣን ላይ ተለቀቀ። ንፋሱና ሣሩ ተስማማው፤ በ2004 እና በ2005 ከመንጋው በአውሮፕላን ወደ ሞንጎሊያ የተመለሱ አሉ።

በግንቦት መጨረሻ የኦብራክ ላሞች ቀንዳቸው በአበባና በባንዲራ አጊጦ፣ ደወል አንገታቸው ላይ ታስሮ ወደ ደጋው ግጦሽ ይወጣሉ። ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል፤ ከዚያ አሊጎ ይበላል። የተቀቀለ ድንች ተደፍጥጦ ከትኩስ አይብ ጋር ሲማሰል፣ ማንኪያው ሲነሣ አንድ ክንድ ያህል እየተሳበ ይከተላል። ለጾመኛ አይሆንም።

የሴቬን ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተመሠረተ፤ በ2011 ኮስና ሴቬን በዩኔስኮ መዝገብ ገቡ፤ የተመዘገቡትም በእረኝነታቸው ነው። በ2018 ደግሞ ፓርኩ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ ተባለ። መንደሮቹ የመንገድ መብራታቸውን ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ አስተካክለዋል፤ አንዳንዶቹም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያጠፉታል። ኮከብ ለማየት ከከተማ የሚመጣው እንግዳ አልጋ ይከራያል።

የመጨረሻው፦ የፈረንሳይ አውራጃዎች በፊደል ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የሎዜር 48 ነው። ፓሪስ ላይ 48 የተጻፈበት ታርጋ ቢያዩ ግን ባለመኪናው ደገኛ ነው ብለው አይቸኩሉ። ከ2009 ወዲህ ማንም ሰው የትም ይኑር የት የሚወደውን አውራጃ ቁጥር መርጦ መለጠፍ ይችላል።